የስድስት ወር መሐላ

በግንበኞች ዘንድ ከሁሉ በላይ የሚከበረው ቅዱስ ስሙ በቤተ ክርስቲያን መዝገብ ላይ የለም። ቅዱስ ሰኞ ይሉታል። እሑድ ሲጠጣ የዋለ ሰው ሰኞ ከሥራ በመቅረት የሚያከብረው በዓል ነው፤ ጾም የለው፣ ቅዳሴ የለው፣ ደወል አይደወልለት። ፑዌብላ በምትባለው ከተማ ዙሪያ ቤት የሚሠራም የሚያሠራም ያውቀዋል። ዶኛ ኦብዱሊያም ባሏ ሞቶ የግንባታውን ሥራ ከተረከበች ዘጠኝ ዓመት ሆኗታልና፣ ሰኞ ጠዋት ሰው ስትቆጥር አንድ ሁለቱ ቢጎድሉባት አትደነግጥም። የዚያን ዕለት ግን የጎደለው ኔሜሲዮ ነበር።

ኔሜሲዮ የሠራተኞቹ ካቦ ነው። አርማታ በሚሞላበት ቀን የባልዲ ማንሻውን ሞተር የሚይዘው እሱ ነው። ሌላ ሰው ሲይዘው ባልዲው እየተወዛወዘ ግድግዳ ይገጫል፤ እሱ ሲይዘው ግን እንቁላል ቢጭኑበት አይሰበርም ይባል ነበር። ሥራውን ከባሏ ከፋውስቲኖ ጋር ነው የጀመረው። ፋውስቲኖ ሲሞት፣ ሲሚንቶ ከኖራ ለማትለየው መበለት ፌሮ እንዴት እንደሚታሰር፣ የጣሪያ አርማታው፣ ሶሌታው፣ ስንት ቀን ውኃ እንደሚጠጣ፣ የትኛው ነጋዴ አሸዋው ውስጥ አፈር እንደሚቀላቅል አንድ በአንድ ያስተማራት ኔሜሲዮ ነው። በዚያ ላይ አበልጇ ነው። አንዲት ልጇን ማሪሴላን ክርስትና ያነሣት እሱ ነው። ሰው ፊት “ዶኛ” እያለ በእርስዎ ያናግራታል፤ ብቻቸውን ሲሆኑ ደግሞ “አበልጄ” እያለ በአንቺ።

ችግሩ መጠጡ ነው። ድሮም ይጠጣ ነበር፤ ፋውስቲኖም ቢሆን ውኃ ብቻ ጠጥቶ አልሞተም። ድሮ ግን የሚጠጣው ቅዳሜ ማታ ነበር። ቀስ በቀስ እሑድ ተጨመረ፣ ከዚያ ቅዱስ ሰኞ መጣ፣ ዘንድሮ ደግሞ ቅዱሳኑ በዝተው ሳምንቱን ሞሉት። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል የተባለው ለዚህ ነው። ባለፈው ሐሙስ ኔሜሲዮ የሸንኮራ አረቄ እየሸተተ ማንሻውን ያዘና እጁ አመለጠው። ሙሉ ባልዲ አርማታ ከላይ ወርዶ ከሃሲንቶ ትከሻ አንድ ስንዝር ርቆ አረፈ። ሃሲንቶ የሠራተኞቹ ቀልደኛ ነው፤ “ዘንድሮ ቅዱስ ሰኞ ሐሙስም ይውላል እንዴ?” ብሎ ሁሉንም አሳቀ። ከዚያ ግድግዳው ኋላ ሄዶ አስመለሰ።

“ዛሬም የለም?” አለች ማሪሴላ፣ ቢሮ ባደረጓት የቆርቆሮ ክፍል በር ላይ ቆማ። ምህንድስና ተምራ ከተመለሰች ወዲህ ንድፉንም ደብዳቤውንም የምትይዘው እሷ ናት።

“ታሞ ይሆናል።”

“እማዬ፣ እዚህ ያለነው እኔና አንቺ ነን። ለማን ነው የምትዋሺው?”

ኦብዱሊያ የብረት ዝርዝሩን አንሥታ ማንበብ ጀመረች፤ ወረቀቱ የተገለበጠ ነበር።

“ስሚኝ፣” አለች ማሪሴላ ወረቀቱን ከእጇ እየወሰደች። “ከተማ ካለው የመንግሥት ሆስፒታል ጋር ተነጋግሬያለሁ። ለመጠጥ የሚያክም ሐኪም አላቸው። ስድስት ሳምንት አስተኝተው ያክማሉ። በየካቲት መጀመሪያ አንድ አልጋ አለ። ከአሠሪው የሚፈልጉት አንድ ደብዳቤ ብቻ ነው፤ ‘ሲመለስ ሥራው ይጠብቀዋል’ የሚል። እኔ እጽፋለሁ፣ አንቺ ትፈርሚያለሽ።”

“ስድስት ሳምንት?”

“አዎ። ካልሆነ ደግሞ ሕጉ አለ። ሰክሮ ሥራ የመጣን ሰው ማሰናበት ትችያለሽ።”

“ክርስትና ያነሣሽን ሰው ላባርር?”

“አሳክሚው ነው ያልኩሽ! ወይ አሳክሚው፣ ወይ አሰናብቺው። ዝም ብሎ ማየት ግን አይሆንም። ባልዲው ያን ዕለት አንድ ስንዝር ቢሳሳት ኖሮ ዛሬ የምናወራው ስለ ሃሲንቶ ቀብር ነበር።”

ልጅቱ ልክ ናት። ኦብዱሊያም ልክ መሆኗን ታውቃለች። ነገር ግን የሚሠሩት የሠርግ አዳራሽ ነው፤ ባለቤቱ የመኪና ጎማ ነጋዴ ሲሆን፣ በሐምሌ በቅዱስ ያዕቆብ ዕለት የገዛ ልጁን እዚያው አዳራሽ ውስጥ ሊድር ጥሪ ማተም ጀምሯል። ሠርግ ቀን አያሳልፍም። ኔሜሲዮ ስድስት ሳምንት ቢተኛ ሰዉን ማን ይይዘዋል? ማንሻውንስ? ኦብዱሊያ ሰውየውን ትወደዋለች፤ ይህንን ማንም አይክድም። ግን ከራስ በላይ ንፋስ ነውና፣ “ስድስት ሳምንት” ሲባል መጀመሪያ የታያት የአበልጇ ፊት ሳይሆን የአዳራሹ ጣሪያ ነበር።

እኩለ ቀን ላይ ቤቱ ሄደች። ኔሜሲዮ ግቢው ውስጥ ከውኃ ገንዳው ላይ ጎንበስ ብሎ ፊቱን ይታጠባል። ሲያያት ሸሚዙን ፈለገ፤ አጠገቡ ተሰቅሎ እያለ ማየት አቃተው። ሚስቱ ኤልቪራ አምጥታ አለበሰችው።

“አትቆጪኝ፣ አበልጄ፣” አለ።

“ልቆጣህ አልመጣሁም። ልለምንህ ነው የመጣሁት። ሃሲንቶን ልትገድለው ነበር እኮ።”

“አውቃለሁ። ከሐሙስ ወዲህ ዓይኔን ስጨፍን ባልዲው ነው የሚታየኝ። ይኸው ሳላየው ለማደር ጠጣሁ።” ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። “ማሪሴላ ደውላልኝ ነበር። ስለ ሐኪሙ ነገረችኝ። አንቺ ሂድ ካልሽኝ እሄዳለሁ።”

ሰው እንዲህ በቀላሉ እሺ ይላል ብላ አልጠበቀችም ነበር። ኤልቪራ ማድ ቤቱ በር ላይ ቆማ ሁለቱንም ታያለች። ያን ጊዜ ኦብዱሊያ “ሂድ” ብትል ኖሮ ይህ ታሪክ እዚህ ላይ ያልቅ ነበር። አላለችም።

“ትሄዳለህ፣ ትሄዳለህ፣” አለች። “ግን አሁን ስድስት ሳምንት ብትተኛ እኔ ምን እሆናለሁ? ሶሌታው ይሞላ፣ አዳራሹን እናስረክብ፣ ከዚያ በገዛ እጄ ይዤህ እሄዳለሁ። እስከዚያ ግን እንማል። እሑድ አባ ቬናንሲዮ ዘንድ እንሂድና ማል።”

መማል በዚያ አገር ያለ ነገር ነው። መጠጥ ያስቸገረው ሰው እሑድ ቤተ መቅደስ ሄዶ ድንግል ማርያም ፊት ይንበረከክና፣ ለሦስት ወርም ይሁን ለዓመት ላይጠጣ ይምላል። ቄሱ ቀኑን ጽፎ፣ ፈርሞ፣ ሥዕለ ማርያም ያለባት ካርድ ይሰጠዋል። ጓደኞቹ ጠጣ ብለው ሲይዙት ካርዷን ያሳያል። ሐኪም ከልክሎኛል የሚልን ሰው ጠጪ ይስቅበታል፤ ምያለሁ ያለን ግን ማንም አያስገድደውም፤ የተቀዳለትን ብርጭቆ ራሳቸው ያነሡለታል። መሐላውን የሰበረ ሰው መዓት እንደሚደርስበትም ሕፃን ሳይቀር ያውቃል። ስለዚህ ብዙ አሠሪ ሠራተኛውን የሚያክመው በዚህ ነው።

“ሐኪሙስ?” አለች ኤልቪራ ከበሩ ላይ።

ኦብዱሊያ እሑድ በስንት ሰዓት እንደሚገናኙ ለኔሜሲዮ ነገረችውና ወጣች።

እሑድ ቤተ መቅደሱ ውስጥ የሚምሉት ተሰልፈው ነበር። የአውቶቡስ ሹፌሩ፣ ዳቦ ጋጋሪው፣ ጺም ያላወጣ ጎረምሳ ከነእናቱ። አባ ቬናንሲዮ አርጅተዋል፤ በየሳምንቱ ተመሳሳይ ሰዎች ሲምሉ አይተዋልና አይደነቁም። ኔሜሲዮ ተራው ደርሶ ተንበረከከ። ጸጉሩን በውኃ አበጥሮ፣ ለማሪሴላ ክርስትና የለበሰውን ኮት ለብሶ ነበር። ኦብዱሊያ ከኋላው በምስክርነት ቆማለች።

“ለስንት ጊዜ ነው ልጄ?”

“ለሁለት ዓመት፣ አባ።”

ኦብዱሊያ ደነገጠች። ሁለት ዓመት! የማይችለውን ምሎ መዓት ቢያመጣስ? ለሱ ያዘነች መሰላት፤ እውነትም አዝናለች።

“አባ፣” አለች ከኋላ፣ “አይችለውም፤ ይከብደዋል። እስከ ቅዱስ ያዕቆብ ይሁንለት።”

አባ ቬናንሲዮ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩዋት። “የሚምለው ማነው?”

“እሱ ነው፣ አባ። እኔ አሠሪው ነኝ።”

ኔሜሲዮ ዞሮ አያት። ምን እንዳሰበ ፊቱ ላይ አይነበብም ነበር። ከዚያ ወደ ሥዕሉ ተመለሰና፣ “አበልጄ ታውቃለች፤ እስከ ቅዱስ ያዕቆብ ይሁን፣” አለ።

ቄሱ ቀኑን ጻፉ። በሰማይ ስንት ቅዱስ እያለ ኦብዱሊያ አዳራሹ በሚመረቅበት ቀን የሚከበረውን ለምን እንደመረጠች የዚያን ዕለት ማንም አልጠየቃትም፤ እሷም ራሷን አልጠየቀችም። ከቤተ መቅደሱ ስትወጣ ልቧ ቀልሏት ነበር፤ ለአበልጇ መንገድ ዳር ትኩስ የበቆሎ ዳቦ ገዝታ አበላችው።

ማክሰኞ ኔሜሲዮ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ረቡዕ ላቡ ሸሚዙን አልፎ ሲሚንቶው ላይ ይንጠባጠብ ነበር። ሐሙስ መወጣጫው ላይ ቆሞ ከፋውስቲኖ ጋር አወራ። “በል እንጂ ፋውስቲኖ፣ ያንን ጫፍ ያዝልኝ፣ ምን ቆመሃል!” ይላል ከሞተ ዘጠኝ ዓመት የሆነውን ሰው። ሠራተኞቹ ሳቁ። ሃሲንቶ ወጥቶ ወገቡን አቅፎ አወረደው።

ማሪሴላ እናቷን ቢሮ ውስጥ አገኘቻት። “ለሠላሳ ዓመት የጠጣ ሰው ባንድ ቀን ሲተው ሊሞት ይችላል፤ ገባሽ? ሊሞት! አሁኑኑ ሐኪም ቤት ልውሰደው።”

“ከወሰድሽው አስተኝተው ያስቀሩታል።”

“ያስቀሩት! ያ አይደል የምንፈልገው?”

“ያልፍለታል። ምሏል እኮ። ካርዷን እኔ ነኝ ያስቀመጥኩለት፣ ይኸው።”

“ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም!” አለች ማሪሴላ። ለእናት እንዲህ አይባልም ብላ ራሷ ደነገጠች፤ ግን አልመለሰችውም። የሆስፒታሉን ደብዳቤ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወጣች። ኦብዱሊያ ደብዳቤውን ነገ እፈርማለሁ፣ ከነገ ወዲያ እፈርማለሁ ስትል የካቲት ገባ፤ አልጋው ለሌላ ሰው ተሰጠ።

ኔሜሲዮም አለፈለት። ኦብዱሊያ ማር በሞቀ ውኃ እየበጠበጠች አጠጣችው፣ ለአንድ ሳምንት አሸዋ ብቻ እንዲነፋ አደረገችው። በሁለተኛው ሳምንት እጁ ረጋ። በሦስተኛው ማንሻውን ያዘ፤ ባልዲው እንደ ድሮው ሳይወዛወዝ ወጣ። ሰኞ ከሁሉ ቀድሞ ይመጣል። ከቱምቢው ዝንፍ ያለ ግድግዳ በዓይኑ ያውቃል። ኤልቪራ ወፍራለች ተባለ። ኦብዱሊያ ለልጇ “አላልኩሽም?” አላለቻትም፤ ፊቷ ግን ቀኑን ሙሉ ሲለው ይውላል።

በግንቦት መጀመሪያ በዚያ አገር የሚከበረው የመስቀል ቀን ደረሰ። የግንበኞች በዓል ነው። በዚያ ቀን በየጅምር ሕንፃው ጫፍ በአበባና በወረቀት ያጌጠ መስቀል ይተከላል፣ ርችት ይተኮሳል፤ አሠሪ ደግሞ ሠራተኛውን ያበላል፣ ያጠጣል። የማያጠጣ አሠሪ ስሙ ዓመቱን ሙሉ በየጅምሩ ሲነሣ ይከርማል። ኦብዱሊያ የአሳማ ጥብሱን በርሜል ሙሉ አስጠበሰች፣ ቶርቲያ የሚሉትን የበቆሎ ቂጣ በሙቀቱ በጨርቅ ጠቅልላ አቀረበች፤ መጠጡን ግን ከርከዴ ብቻ አደረገችው። ስለ ኔሜሲዮ ብላ ነው።

ሃሲንቶ ብርጭቆውን ወደ ፀሐይ አንሥቶ አየው። “ዶኛ፣ መስቀሉ ላይ ያሰርነውን አበባ ነው እንዴ የቀቀሉልን?”

ሰዉ ሳቀ።

“ጤና ነው፣” አለች ኦብዱሊያ። “ለሆድም ጥሩ ነው።”

“ሆዳችንን አላመመንም እኮ!” አለ አንዱ ከኋላ። “አንድ ሰው ተገዘተ ተብሎ አገር ይጾማል?”

“መጠጥ በሌለበት በደረቅ መስቀል የተሞላ ጣሪያ ይወርዳል፣ እኔ የለሁበትም፣” አለ ሌላው።

ዓይን ሁሉ ወደ ኔሜሲዮ ዞረ። ያዘነችለት መስሏት መሐል አደባባይ አቁማው ነበር። ኔሜሲዮ ከርከዴውን አስቀመጠ፣ የአሸዋ ጋሪውን ያዘ፣ እየገፋ ከግቢ ወጣ። ሲመለስ ጋሪው ላይ ሁለት ሳጥን ቢራ ነበር። ከዚያ ቆሞ ጠርሙሱን አንድ በአንድ እየከፈተ ለየሰዉ በእጁ አደለ። ሃሲንቶ ሊቀበለው አፍሮ፣ “ተው አንተ፣ ቀልዴን እኮ ነው፣” አለው። “ያዝ፣ ክንዴን አታድክመው፣” አለው ኔሜሲዮ። አረፋ የነካውን እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ፣ ከርከዴውን አንሥቶ ጠጣ።

ጎማ ነጋዴው አጋጣሚ ሆኖ እዚያው ነበር። “አዩት?” አለችው ኦብዱሊያ በኩራት። “የኔ ካቦ ነው። ምሏል። ሲምል እንዲህ ነው!”

በኋላ ሰዉ በሬዲዮ ዘፈን ሲጨፍር ኔሜሲዮ ወደሷ ተጠጋ።

“አበልጄ።”

“እሰይ የኔ ጀግና!”

“ጀግና አትበይኝ። አርባ ስምንት ጠርሙስ ነው የከፈትኩት። ሁሉንም ቆጥሬያቸዋለሁ። ሰው እንዲህ የሚቆጥረው ምን ሲሆን ነው?” ድምፁን ዝቅ አደረገ። “ያ ማሪሴላ ያለችው ሐኪም፣ አሁንም አለ?”

“እንዴታ! የት ይሄዳል? ሶሌታው ይሞላ ብቻ።”

“ሶሌታው ሲሞላ።”

“ሶሌታው ሲሞላ፣ ሙች!”

ሶሌታው በሰኔ፣ ዝናብ በሁለት ቀን መካከል ፋታ በሰጠበት ዕለት ተሞላ። ኔሜሲዮ ከንጋት እስከ ማታ ማንሻውን አልለቀቀም። እንዲህ ያለ ሙሌት በዚያ ከተማ አልታየም ተባለ። ሶሌታው ሲሞላ ደግሞ ልስኑ ቀረ፤ ልስኑ ሲያልቅ የወለሉ ንጣፍ። ኔሜሲዮ አንድ ጊዜ ብቻ፣ መሣሪያ ሲያስረክባት ዓይን ዓይኗን አያት። ኦብዱሊያ ምን ሊላት እንደፈለገ ገብቷታል። “አዳራሹን እናስረክብና፣” አለችው ሳይጠይቃት፤ ራሱን ነቀነቀ። ማሪሴላ ሁለት ጊዜ አነሣችባት፤ ሁለቴም “ሰውየው ደህና ነው፣ ደህናን ሰው ምን ብለሽ ታሳክሚያለሽ?” ብላ አባረረቻት። በመሐሉ የጎማ ነጋዴው ወንድም አዳራሹን አይቶ ወደደውና፣ ባለ ሦስት ፎቅ መጋዘን እንድትሠራለት ጠየቃት። በነሐሴ ተጀምሮ ገና ዋዜማ ላይ የሚያልቅ ነው። ለማንም ሳትናገር እሺ አለች።

የቅዱስ ያዕቆብ ዕለት ዓርብ ነበር። አዳራሹ ተመረቀ፣ ሙሽራዋ ገባች። ኔሜሲዮ በኮቱ መጥቶ ሞሌ የሚሉትን ወፍራም ወጥ በላ፣ ውኃ ጠጣ፣ በጊዜ ሄደ። ቅዳሜ ለግማሽ ቀን ገብቶ የተረፈውን እንጨትና ፌሮ አስለቀመ። በመጨረሻ አካፋውን፣ መዶሻውን፣ የግንበኛ ማንኪያውን አጥቦ በጨርቅ አደረቀ፤ ለኦብዱሊያ ባርኔጣውን አንሥቶ ሰላምታ ሰጣትና ወጣ። ሰኞ አልመጣም። ማክሰኞም።

ረቡዕ ጠዋት ማሪሴላ ሁለት ወረቀት ይዛ እናቷ ፊት ቆመች። ዓይኗ ቀልቷል።

“ይኼ የሆስፒታሉ ነው። አሁን ወረፋው በዝቷል፤ በጥቅምት አልጋ ይሰጡታል፣ ራሱ ወድዶ ከፈረመ። ይኼኛው ስንብት ነው። ሃሲንቶ ሱቅ በር ላይ ወድቆ አግኝቶት ቤቱ አስገብቶታል። ሰክሮ መወጣጫ ላይ እንዲወጣ አልፈቅድም፣ እማዬ። ክርስትና አባቴ ነው፤ ሬሳውን ከኮንክሪት ላይ ማንሣት አልፈልግም። ወይ ይኼን ወይ ያንን አስፈርመሽው ነይ።”

ኦብዱሊያ ሁለቱንም ወረቀት ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ሁለቱንም ላታወጣ ነው ያሰበችው። መንገዱን ሁሉ ስታሰላ ሄደች፤ እሑድ አባ ቬናንሲዮ ዘንድ ይዛው ትሄዳለች፣ እንደገና ይምላል፣ በቃ። አንዴ ችሎታል፤ ሁለተኛ የማይችልበት ምን ምክንያት አለ?

ኔሜሲዮ ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ተቀምጧል። ፊቱ አብጧል፣ ሸሚዙ ግን ንጹሕ ነው። የፕላስቲክ ጠርሙሱ ከበርጩማው እግር አጠገብ ቆሟል። ሲያያት ጨርቅ ጣል አደረገበት። ከማድ ቤት የቦሎቄ ሽታ ይመጣል።

“ደህና ዋልሽ አበልጄ። ቁጭ በይ።”

“ምን ነካህ? ስድስት ወር ሙሉ እንደዚያ ሆነህ!”

“ስድስት ወር ሙሉ፣” አለ። “አንዲት ጠብታ አልቀመስኩም። ፊቷ የማልኩባት ድንግል ምስክሬ ናት። ቀኑ ዓርብ አለቀ፤ ቅዳሜንም ከራሴ ጨምሬ ሰጠሁሽ።”

“አውቃለሁ፣ የኔ ወንድም። ይቻላል ማለት ነው። እሑድ አባ ቬናንሲዮ ዘንድ እንሂድ። እንደገና ትምላለህ።”

“እስከ መቼ?”

“እስከ ገና፣” አለች ኦብዱሊያ።

ትንፋሽ እንኳ አልወሰደችም። ቃሉ አፏ ላይ ተዘጋጅቶ የቆየ ይመስል ወጣ። ኔሜሲዮ ትንሽ አያትና ፈገግ አለ፤ የክፋት ፈገግታ አልነበረም።

“ገና ላይ ደግሞ ምንድን ነው የምናስረክበው?”

ስለ መጋዘኑ የነገረው ሰው የለም። ኦብዱሊያ ያን ጊዜ ገባት። ሰውየውን የምታድንበትን ቀን ሁለቴ መርጣ፣ ሁለቴም ከሥራ ውል ላይ ነበር ያነበበችው።

“አልቆጣሁሽም፣” አለ ኔሜሲዮ። “እውነቴን ነው። ግን ያኔ ለሁለት ዓመት ያልኩት ዝም ብዬ አልነበረም። ሳምንቱን ሙሉ ሳስበው ነው የሰነበትኩት። ኤልቪራን ጠይቄያት ነበር፤ ‘ሁለት ዓመት እችላለሁ?’ ብያት ‘ትችላለህ’ ብላኛለች። አንቺ አይችልም አልሽ። አንቺ ደግሞ ከኔ የተሻለ ታውቂያለሽ ብዬ አመንኩሽ።”

“ለመዓቱ ፈርቼልህ እኮ ነው!”

“ይሆናል። እኔም እንደሱ ነው ለራሴ የምነግረው።”

ኦብዱሊያ ቦርሳዋን ከፈተች። የሆስፒታሉን ወረቀት አወጣች። “ይኸው፣ ሐኪሙ። በጥቅምት ይቀበሉሃል። ሥራህ ይጠብቅሃል፣ ስድስት ሳምንት አይደለም ስድስት ወር ይሁን። ፈርምልኝ። እግርህ ላይ ልውደቅ፣ ፈርምልኝ።”

ኔሜሲዮ ወረቀቱን ወስዶ እስከ ታች አነበበው። አጣጥፎ መለሰላት።

“በጥር ብትሰጪኝ በጥርሴ እፈርምልሽ ነበር። በግንቦትም ለምኜሻለሁ። ያኔ ስንቀጠቀጥ፣ ፋውስቲኖ መወጣጫው ላይ ቆሞ ሲጠራኝ፣ ብቻዬን ነበር ያሳለፍኩት። አንድ ጊዜ ሞቼ ነው የሠራሁልሽ። አሁን ብተወው ያ ሁሉ ተመልሶ ይመጣል። እስከ ጥቅምት መጠበቁን አልችልበትም፣ ከዚያ ወዲያ ያለውንም አልችልበትም። የነበረኝን አቅም ላዳራሹ ጨርሼዋለሁ።”

“አትበል እንዲህ! ኤልቪራ፣ ነይ እስቲ አናግሪው!”

ኤልቪራ ከማድ ቤት አልወጣችም። ማማሰያዋ ድስቱን ሲነካ ይሰማል።

“ያኛውስ?” አለ ኔሜሲዮ ወደ ቦርሳዋ እያየ። “ማሪሴላ በአንድ ወረቀት አትልክሽም። አውቃታለሁ፤ እኔ ነኝ ያሳደግኳት።”

ኦብዱሊያ አለቀሰች። ቦርሳውን ደረቷ ላይ ይዛ፣ ትልቅ ሴት፣ ሃያ ሰው የምታዝ፣ እንደ ሕፃን ተነፋረቀች። ወረቀቱ የለም ብላ መዋሸት ትችል ነበር፤ ብትዋሽ ሰኞ ይመጣል፣ ማንሻውን ይይዛል፣ ባልዲውም አንድ ቀን ያንን አንዱን ስንዝር ይሳሳታል። ይህ ሁሉ ታያት። ወረቀቱን አውጥታ ሰጠችው።

ኔሜሲዮ ከኪሷ ያወጣችውን እስክሪብቶ ተቀበለ። ስሙን ከነአባቱ ስም፣ ቀስ ብሎ፣ ፊደሉን ሳያጣምም ጻፈ። እጁ ቅንጣት አልተንቀጠቀጠም። ጠጥቶ ነበራ!

ኦብዱሊያ ወረቀቱን ይዛ ተነሣች። በር ጋ ሳትደርስ ጠራት።

“ወዴት ነው? የአበልጅሽን ቤት ሳትቀምሺ ልትወጪ ነው? ኤልቪራ፣ ለአበልጄ አቅርቢላት።”

ኤልቪራ ቦሎቄውን በሳህን፣ ቶርቲያውን በጨርቅ አምጥታ ፊቷን ሳታይ አስቀመጠችላት። እምቢ ማለት አይቻልም። ኦብዱሊያ ተቀምጣ በላች፤ አልወርድ እያላት፣ እንባዋን እየዋጠች፣ ሳህኑን እስከ መጨረሻው ጨረሰች። ኔሜሲዮ አጠገቧ ተቀምጦ ስትበላ ያያታል። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጨርቁን ከጠርሙሱ ላይ አነሣ። ከእንግዲህ አሠሪው አይደለችምና ፊት ለፊቷ ቀዳ።